ባዶውን ከላይኛው ሙሉት

ወለላ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ የወንድሟ ጥገኛ መሆኗን የሰማችው፣ አሰላ ውስጥ ከአንድ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ሲነበብ ነው። መነጽሯን የስፌት መኪናው ላይ ረስታ መጥታ ስለነበር አጠገቧ የቆመውን ባጃጅ ነጂ «እስቲ ወንድሜ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራትን ፈልግልኝ» አለችው። ሰውየው ጣቱን በወረቀቱ ላይ እየጎተተ በኦሮምኛ አነበበላት። የቤት ቁጥር 214፣ ባለቤት ገብረ መድህን። ከሥሩ ደግሞ፣ 214፣ ወለላ፣ ጥገኛ። አሰላ ተወልዳ ያደገች ናትና ኦሮምኛው አልጠፋትም፤ በልቧ ወደ አማርኛ ስትመልሰው ግን ይበልጥ ከበዳት። «ሌላም ቦታ እይልኝ፤ ፊደል ያለው፣ 214/ለ የሚል ይኖራል» አለችው። ሰውየው ከላይ እስከ ታች ወረደ፤ ፊደል ያለበት ቁጥር ወረቀቱ ላይ ጭራሽ የለም። «አዳዳ፣ አክስቴ፣ ያው እዚህ ጋ አለሽ እኮ! ስምሽ አልቀረም» አላት ሊያጽናናት።

የተለጠፈው የሚፈርሱ ቤቶች ዝርዝር ነው። ከአስፋልቱ ወደ ገበያ የሚወርደው መንገድ ሊሰፋ ስለሆነ በግራ በኩል ያለው ሰፈር ይነሳል። ባለቤት ተብሎ የተጻፈ ሰው ምትክ ቦታና ለፈረሰው ቤት ካሳ ያገኛል፤ ጥገኛ የተባለ ሰው ደግሞ ባለቤቱ ወደሄደበት ይሄዳል፣ ሌላ ነገር የለውም። ቅሬታ ያለው እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት እንዲያመለክት፣ ነገ ጠዋት ለኪዎች እንደሚመጡ ከወረቀቱ ግርጌ ተጽፏል። ወለላ በግቢው ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች የሠራችው የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነው። አባታቸው ሲሞት ሽማግሌዎች ተቀምጠው የፊቱን ለወንድሟ፣ የጓሮውን ለሷ ሲያካፍሉ የደረሳት የበግ ጋጣ ነበር። ቀበሌው ያን ጊዜ በሯ ላይ 214/ለ የሚል ቆርቆሮ መታላት። መዝገቡ በኋላ በቁቤ ሲጻፍም ፊደሉ መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። የግብሩም የመብራቱም ደረሰኝ በዚያው ቁጥር ሲመጣላት ኖሯል።

ቢሮው ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ የተሰነጠቀ መስኮት አለ። ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ በስንጥቁ ስለሚገባ በኮንትራት የተቀጠረችው መቅደላዊት ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘግታ ነው የምትሠራው። ወለላ ደረሰኞቿን በላስቲክ እንደጠቀለለች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት። ልጅቷ ስሟን መትታ ስክሪኑን አየች፤ ከዚያ ሌላ ፋይል ከፈተችና ከንፈሯን ነከሰች።

«እትዬ፣ እርስዎ ቀበሌው በላከው ኤክሴል ላይ አሉ። 214፣ ከዚያ እዝባር፣ ለ፤ አዎ፣ ለብቻዎ ነዎት። ወደ ሲስተሙ ሲገባ ነው የጠፋው» አለች።

«እንዴት አድርጎ ይጠፋል? ሳንቲም ነው?»

«ሲስተሙ ፋይሉን ሲቀበል የላይኞቹን ጥቂት መስመሮች ያይና ኮለሙ፣ ዓምዱ ማለቴ ነው፣ ምን ዓይነት እንደሆነ ራሱ ይወስናል። ላይ ያሉት እነ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ናቸው፤ ፊደል የሌለበት ቁጥር ብቻ። ስለዚህ የቤት ቁጥር ማለት ቁጥር ነው ብሎ ያዘ። ታች ወርዶ የርስዎን ሲያገኝ ፊደል አለበት። ቁጥር አይደለም ብሎ ተወው።»

«ምን ብሎ ተወው?»

«ምንም አይልም። ባዶ አድርጎት ያልፋል። ስህተት አለ ብሎ ቢጮህማ እኛም እናየው ነበር።»

ወለላ ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር መማር አላስፈለጋትም። እነ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እነማን እንደሆኑ ታውቃለች። አስፋልቱ ዳር ያሉት ናቸው፤ ሆቴሉ፣ የስንዴ መጋዘኑና ባለ መስታወቱ ፎቅ። እነሱ ስለተጠየቁ የጓሮው ሰው ሳይጠየቅ ታለፈ። እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት መብራት የሚበላ ማሽን አያስፈልግም፤ የዕድር ስብሰባ ላይ መቀመጥ ይበቃል። ግራ የገባት ሌላ ነገር ነው፤ ባዶ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ያለው 214 ከየት መጣ? ስትጠይቅ መቅደላዊት ወደ ውስጠኛው በር ዓይኗን ወርውራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ኃላፊው አቶ ፊሊጶስ ሪፖርቱ ላይ ባዶ ቦታ ሲያዩ ባዶውን ከላይኛው ሙሉት ብለው አዘዙ። በየባዶው ላይ ከበላዩ ያለው ቁጥር ተገለበጠ። ከወለላ በላይ ያለው ወንድሟ ነው። አንድ ቁጥር ላይ ሁለት ሰው ሲገኝ ደግሞ ሲስተሙ የመጀመሪያውን ባለቤት፣ ሁለተኛውን ጥገኛ ይላል።

አቶ ፊሊጶስ ስማቸው ሲነሳ እንደሰሙ ሁሉ ከውስጥ ብቅ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለሁሉም ወንበር የሚስቡ፣ ሁሉንም «እናቴ፣ አባቴ» የሚሉ፣ ነገር ግን ያለቀ ሪፖርት ሲነካባቸው ልጅ የተነካባቸውን ያህል የሚደነግጡ ናቸው። መቅደላዊት ኮለሙን የጽሑፍ አድርጋ ፋይሉን እንደገና ብታስገባው ግማሽ ቀን እንደማይፈጅ፣ ፊደል ያለው ሁሉ እንደሚመለስ ተናገረች። «ልጄ፣ ዝርዝሩ ጸድቋል፤ ወደ ላይ ሄዷል። አሁን ግለሰብ በግለሰብ ነው» አሏት። ከዚያ ወደ ወለላ ዞር ብለው «የቤቱ ባለቤት ቀርበው እርስዎ በሌላ ቤት እንደሚኖሩ በቃላቸው ያረጋግጡ፣ አለቀ» አሉ።

«የቤቱ ባለቤትማ እኔ ነኝ። ይኸው ደረሰኙ!»

«ደረሰኙ የበፊቱን ነው የሚያሳየው፣ እናቴ። እኔ ያልኩት ሲስተሙ ላይ ያሉትን ነው። ወንድምዎ አይደሉ እንዴ? የአምስት ደቂቃ ነገር ነው።»

ወለላ ይህን ስትሰማ እፎይ አለች። ወንድሟ ከሆነማ ምን ችግር አለ? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። ወደ ቤት ስትወርድ ጉሊት ቆም ብላ ሙዝ ገዛች፤ ሙዝ በኪሎ ሰማንያ ብር ገብቷል። ግቢው በር ላይ ስትደርስ ነው ራሷን የታዘበችው። ሠላሳ ዓመት በአንድ አጥር ውስጥ ኖራ ወደ ወንድሟ ሳሎን ሙዝ ይዛ ገብታ አታውቅም። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል በግማሽ ቀን እጇ ድረስ ወርዷል። ተናደደች፤ ሙዙን ግን አልመለሰችውም።

የገብረ መድህን ሳሎን ከበዓል በቀር ወለላ የማትቀመጥበት ክፍል ነው። ሶፋው ዳንቴል ለብሷል፣ ቡፌው ላይ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቁ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፣ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ሰው ያንቀሳቅሳል። ወንድሟ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ የዕድሩ ዳኛ፣ የሰፈሩ የመንገድ ኮሚቴ አባል፣ ቁመቱ አጭር፣ ጉልበቱ የታመመ፣ ሲናገር ሰው ጸጥ የሚልለት። ሚስቱ አበባ ወለላን ገና ከበሩ ስታያት «ወለላዬ!» ብላ ተቀበለቻት። ከመቼ ወዲህ ነው ወለላዬ የሆነችው? አሳ ወጥ ቀርቦ ነበር፤ አበባ ከመሃሉ እያወጣች አጎረሰቻት። አንድ፣ ደገመች፣ ሦስተኛውንም። ወለላ እያላመጠች ነገሩን ነገረቻቸው፤ ሲስተሙን፣ ፊደሉን፣ ባዶውን። ወንድሟ ዓይኑን ከሳህኑ ላይ አላነሳም።

«ታዲያ ምን አለበት?» አለ በመጨረሻ። «አንድ አይደለንም?»

«አንድ ነን ጋሼ። ግን ነገ ሁለቱ ክፍሎቼ በርስዎ ስም ሊለኩ ነው። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መጥተው አንድ ቃል ቢናገሩልኝ።»

በቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ይዘጋል። ገብረ መድህን አጥንት ከአፉ አውጥቶ ከሳህኑ ዳር አስቀመጠ። ወለላ ጠበቀች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ይህን ዝምታ ታውቀዋለች፤ አባታቸው ጫማ ሲገዛ ለማን እንደሆነ እስኪናገር ድረስ እንዲህ ነበር ዝም የሚባለው። ዝምታውን የሰበረችው አበባ ናት። ከቡፌው መሳቢያ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በእርሳስ የተነደፈ ቤት ነው፤ ምትኩ ቦታ ላይ የሚሠራው። «ይኸው፣ ላንቺም ክፍል አለሽ። ምን አሳሰበሽ?» አለቻት። ጣቷ ያረፈው ከማብሰያ ቤቱ ጎን ያለች፣ በሯ ወደ ውጭ የሆነ፣ መስኮት ያልተሰጣት አራት መዓዘን ላይ ነው። ሰው ቤት ሲነድፍ ሠራተኛዋን የሚያሳድርበት ቦታ።

ወለላ ግን ያየችው ክፍሉን አይደለም፤ ወረቀቱን ነው። ብዙ ጊዜ ስለተዘረጋና ስለታጠፈ እጥፋቱ ሳስቶ በፕላስተር ተጣብቋል። ዝርዝሩ የተለጠፈው ትናንት ነው። ኮሚቴው ረቂቁን ያየው ከፋሲካ በፊት እንደሆነ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዓይኗ ያየውን ልቧ እንዳይቀበል ታገለችው። ጋሼ እንዲህ አያደርግም፣ አለች ለራሷ፤ ምናልባት ንድፉ የቆየ ይሆናል፤ ምናልባት ለልጁ ያሰበው ይሆናል። ገብረ መድህን እጁን ታጥቦ ተነሳና «እመጣለሁ። ለእህቴ ያልሆንኩ ለማን ልሆን ነው?» አለ። ይህን ሲል ትከሻዋን ዳሰሳት። ደስ አላት፤ እንባዋ ሁሉ መጣ።

ከዚያ ግን ከሰዓት በኋላው እያለቀ ሄደ። መጀመሪያ ምሳው እስኪወርድ ጋደም አለ። ሲነሳ ባርኔጣው ጠፋ፤ ባርኔጣው ሲገኝ ለጉልበቱ የሚቀባው ቅባት ጠፋ። ወለላ ጓሮዋ ገብታ የአንድ ቀሚስ ኮሌታ ልትሰፋ ተቀመጠች፤ ሁለት ጊዜ አጣማ ሰፍታ ሁለት ጊዜ ተረተረችው። ለሰኔ የተቀበለችው የቴትረን ጨርቅ ቁልል ከአልጋዋ እግር እስከ መስኮቱ ደርሷል። ከሥራዋ ያወጣችው ወንበር፣ ከሥራዋ ያወጣችው አልጋ፣ ከሥራዋ ያወጣችው ጣሪያ። ጥገኛ! ቃሉ በመርፌው ድምፅ ውስጥ ሳይቀር ይሰማታል። አሥራ አንድ ሰዓት ሊቃረብ ሲል ሄዳ የወንድሟ በር ላይ ቆመች፤ ባጃጅ ጠርታ፣ ሂሳቡን ራሷ ከፍላ፣ ወንድሟን ደግፋ አስገባችው። መንገድ ላይ ሁለቱም ስለ ብርዱ ብቻ አወሩ።

ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው «ቦሩ ኮታ! ነገ ኑ!» እያለ ሰው ሊመልስ ጀምሯል። ገብረ መድህንን ሲያይ ግን ባርኔጣውን አውልቆ አሳለፋቸው። ውስጥ ከእነሱ በፊት ደመቀ የሚባል ጎሚስታ የሚሠራ ሰውና ሸዋዬ የምትባል ሴት ቆመዋል። ተፋተው ግቢያቸውን በቆርቆሮ አጥር ለሁለት የከፈሉ፣ በዕድር እንኳ ጀርባ ለጀርባ የሚቀመጡ ናቸው። የሷም ቁጥር እንደ ወለላ ፊደል ያለበት ስለነበር በሱ ሥር ጥገኛ ሆና ተጽፋለች። መቅደላዊት ስትጠይቀው ደመቀ ዘይት የነካ እጁን አወናጨፈ። «ይቺ ሴትዮ አሥራ ስድስት ዓመት አቃጥላኛለች፤ እግዜር ይይላት! ቤቱ ግን የሷ ነው። ሽማግሌ ያካፈለንን አልክድም። ጻፊላት» አለ። ሸዋዬ አላመሰገነችውም። ፈረመና ወደ በሩ ዞረ።

ወለላ በልቧ ሳቀች። እንዲህ የሚጠላት እንዲህ ካለ የኔውማ፣ አለች። ገብረ መድህን ወንበር ቀርቦለት ተቀመጠ፤ አቶ ፊሊጶስም የዕድር ዳኛ መጥተውማ እኔ ውስጥ አልቀመጥም ብለው ከክፍላቸው ወጡ። መቅደላዊት ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች፤ ወይዘሮ ወለላ የሚኖሩት በራሳቸው ቤት ነው ወይስ ከርስዎ ጋር? ገብረ መድህን መነጽሩን አወለቀ፣ በጋቢው ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው።

«ልጄ» አለ፣ ያ ክፍል የሚያስተምርበት ድምፁ ወጣ። «እኛ የአንድ አባት ልጆች ነን። አባቴ ነፍሱ ስትወጣ አደራ ያለኝ ይቺን ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት። እኔ በሕይወት እያለሁ እህቴ ለብቻዋ የምትኖር ሰው ናት ብዬ ወረቀት ላይ አልፈርምም። መንግሥት ቤት ያፍርስ፤ እኔ እህቴን አልለይም።»

ወረፋ ላይ የነበረች አንዲት ሴት ዓይኗን ጠረገች። «እንዲህ ያለ ወንድም ዛሬ ከየት ይገኛል?» አሉ አቶ ፊሊጶስ፤ ከልባቸው ነው። በሩ ላይ የደረሰው ደመቀ ብቻ ዞር ብሎ ሸዋዬን አያት፤ ሸዋዬም አየችው። ከተፋቱ ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

ወለላ እግሯ ሥር ያለው ሲሚንቶ የወረደ መሰላት። «ጋሼ፣ ቤቱን እኮ እኔ ነኝ የሠራሁት። ለብቻዬ ነው የምኖረው። ሽማግሌ ያካፈለን፣ እርስዎ ቆመው ያስመቱልኝ ቆርቆሮ በሬ ላይ አለ!» አለች፤ ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፤ ግን ስለ ቤት የሰማ አልነበረም። ያዩት ወንድሟ ሲያቅፋት የምትገፈትር ሴት ነው። «አይዞዎት እናቴ፣ ጥለውዎት አይሄዱም» አሏት አቶ ፊሊጶስ። ገብረ መድህን እጇን ያዘና መታ መታ አደረገው። በዱላ የመጣብህን ሰው መንደር ይይዝልሃል፤ በፍቅር የመጣብህን ማን ይይዝልሃል? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ትሰማ ነበር፤ ውሃው የእናት ልጅ ሊሆን እንደሚችል ግን የነገራት የለም። ተቃጠለች፤ እንዲያ እጇን እንደያዘ እጁን ልትነክሰው ሁሉ አሰበች። መቅደላዊት ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ እንዳንጠለጠለች ትንሽ ቆየች። ከዚያ ኃላፊዋ ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ ጻፈች፤ ተጣርቷል፣ አንድ ቤተሰብ።

ልጅቷ እስከ ደረጃው ተከትላት ወጣች። ገብረ መድህን ከሰው ጋር እየተሰነባበተ ወደኋላ ቀርቷል። «እትዬ፣ ይስሙኝ» አለች በጥድፊያ። «ነገ ለኪዎቹ የየበሩን ቁጥር ፎቶ ያነሳሉ። ፎቶው ላይ ያለው ከሲስተሙ ጋር ካልገጠመ ቤቱ ለብቻው ተለይቶ ይጣራል፤ ያኔ የማንንም ቃል አይጠይቁም፣ ደረሰኝዎን ነው የሚያዩት። ቆርቆሮው በሩ ላይ ይኑር ብቻ። እንዳይነኩት!» ወለላ መለሰች፣ ምን ብላ እንደመለሰች ግን አታስታውስም። ወንድሟን ትታ በእግሯ ወጣች፤ ጭጋጉ ሰፈሩ ላይ ወርዶ የሰው ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል።

ቤቷ ገብታ መብራት አበራች። ከጉበኑ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ወንበር ላይ ወጥታ በጨርቅ ወለወለችው፤ ዝገቱ ሁለት መቶ አሥራ አራትን በልቶታል፣ ለ ግን ደህና ነው። ገና ሳትወርድ በጓሮው መንገድ የወንድሟ የታመመ ጉልበት እርምጃ ተሰማት፤ አንዱን እግር ጎተት፣ ሌላውን ጣል። በእጁ ፒንሳ ይዟል። ኮሚቴ ነው፤ ለኪዎቹ ፎቶ እንደሚያነሱ እሱ ሳያውቅ ማን ያውቃል?

«እዚያው ነሽ? ጥሩ» አለ ቀና ብሎ፣ እንደዚያው በለሰለሰ ድምፁ። «ይቺን ቆርቆሮ እናንሳት። ነገ ሰዎቹን እንዳታደናግራቸው። ነይ ውረጂ፣ ወንበሩን ያዥልኝ፤ ጉልበቴን ታውቂዋለሽ።»

ወለላ ወረደች። ሕይወቷን ሙሉ ያዥልኝ ሲላት ይዛለች፤ መሰላሉን፣ ልጆቹን፣ የታመመች እናታቸውን። እጇ ልማዱን ይዞ ወደ ወንበሩ መደገፊያ ሄደ። ወንድሟም አንድ እግሩን ወንበሩ ላይ ለማውጣት ጋቢውን ሰበሰበ።

«ወንበሩ የኔ ነው፣ ጋሼ» አለችው።

ከፊቱ አንስታ ወደ ውስጥ አስገባችውና በሩን ዘጋች። መቀርቀሪያውን ጣለች። ከስፌት መኪናው ፊት፣ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ቦታ አስቀመጠችውና ተቀመጠችበት። ውጭ ገብረ መድህን ጥቂት ቆመ፤ ወደ ላይ ቢንጠራራ ቁመቱ እንደማይደርስ ታውቃለች። «ወለላ» አላት በበሩ ስንጥቅ፣ «እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው።» ትንፋሹ ይሰማታል። ከዚያ እርምጃው ራቀ፤ ጎተት፣ ጣል፣ ጎተት፣ ጣል፤ የጓሮው መንገድ ጸጥ አለ። ወለላ እጇን በጨርቁ ቁልል ላይ አሳርፋ አዳመጠች። ሄደ። አፍሮ ይሆን? ለአንድ አፍታ አዘነችለት።

ብዙም ሳይቆይ ከትልቁ ቤት በኩል የአበባ ድምፅ መጣ፤ «ቀስ ይበሉ፣ በእኔ በኩል ይደገፉ» ትላለች። ከሳሎኑ ወንበር አውጥተው ለሁለት እየጎተቱ ወደ ጓሮ እየመጡ ነበር።